ዝናብ ያልጣለባት አገር

ባለፈው ሳምንት፣ ከተማችን ቆሰበር እንደ ልማዷ ጉም ለብሳ ከቤት መውጣት ባስጠላበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የልጄ ልጅ ማሕሌት ትልቅ ነጭ ካርቶን ተሸክማ መጣችና እግሬ ሥር ዘረጋችው። ሰባተኛ ክፍል ናት። መምህራቸው የቤት ሥራ ሰጥቷቸዋል፤ ከጥንት ሕዝቦች ታሪክ የወደዱትን እየወሰዱ በምድር ላይ የሌለ የራሳቸውን ሥልጣኔ እንዲፈጥሩ፣ ሕግ እንዲያወጡለት፣ ዋና ከተማውንም በካርታ እንዲያሳዩ።

«አባባ፣ እርስዎ የጂኦግራፊ መምህር አልነበሩ? ከተማውን ይሣሉልኝ» ብላ እርሳሷን ሰጠችኝ።

እርሳሱን ተቀበልኩ። እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ዓይኔን ደከመኝ አልኳት። ውሸት ነው፤ ዓይኔ ደህና ነው። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ሰሌዳ ላይ ካርታ የሚሥሉት ተማሪዎቼ እንጂ እኔ እንዳልነበርኩ ማንም ልብ ብሎ አያውቅም። በገዛ እጄ የሣልኩት የመጨረሻው ከተማ ሰው ገብቶበት ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ስማር ዳንግላ ላይ ከክፍል ጓደኛዬ ከሞላ ጋር አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ሞላ ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ የመጣ ነው፤ እኔ ደግሞ ከዘንገና ሐይቅ ብዙም ከማትርቅ አንዲት የገጠር ቀበሌ ነኝ። ስንቃችን በሶና የገብስ ቆሎ ነበር። በገበያ ቀን ድንች ገዝተን ቀቅለን በአዋዜ የበላን እንደሆነ የንጉሥ ግብር የገባን ያህል ደረታችንን ነፍተን እንውላለን። በዚያ ዓመት የታሪክ መምህራችን ስለ ግብፆች፣ ስለ ሮማውያን፣ ስለ አክሱም፣ ከባሕር ማዶ በተራራ ላይ የክፉ ቀን እህል ያከማቹ ስለነበሩ ሕዝቦች ሲያስተምረን፣ ሌላው ተማሪ ያንቀላፋል፤ እኛ ሁለታችን እናብዳለን።

«ለምን የራሳችንን አገር አንሠራም?» ያለው ሞላ ነው። ስሟን ጠለሞን አልናት። ምንም ማለት አይደለም፤ ሞላ «ጠ ያለበት ስም ያስፈራል» ስላለ ብቻ ነው። ከሮማውያን ቀጥ ያለ መንገድ፣ ከግብፆች የወንዝ ቀን መቁጠሪያ፣ ከአክሱም ሐውልት ወሰድን። ከራሳችን ደግሞ ፈረስ ጨመርንበት፤ የአገው ልጅ ሆኖ ፈረስ የሌለበትን መንግሥት የሚያልም የለም። ንጉሡን በየሰባት ዓመቱ ፈረሰኞች ይመርጡታል። ሞላ ሕጉን በደብተር ይጽፋል፤ እኔ በስሚንቶ ከረጢት ወረቀት ጀርባ ላይ ዋና ከተማውን እሥላለሁ።

ያን ከተማ እንዴት እንደወደድኩት! አራት ማዕዘን ነው። ቤቶቹ በገመድ የተለኩ ይመስል አንዱ ካንዱ አይወጣም፣ አይገባም። ሽማግሌዎችን ከሁሉ አስበልጬ አከበርኳቸውና፣ ውሃ እንዲቀርባቸው ብዬ መንገዳቸውን ከከተማው ግርጌ፣ ከወንዙ ዳር አደረግሁላቸው። ሰው አልሣልኩም። ዛፍም አልሣልኩም፤ የመማሪያ መጽሐፋችን ላይ ያለው የጥንት ከተማ ዛፍ አልነበረውም።

አባቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ ያሳደጉኝ ታላቅ ወንድሙ አያ ጥሩነህ ናቸው። ቤታቸው ቀርቀሃ ውስጥ የተሸሸገ ነበር፤ ጭሱን ካላዩ በቀር ሰው መኖሩ አይታወቅም። ቀርቀሃውን የተከሉት አባታቸው ናቸው። አጥር ሲያረጅ ከዚያው ነው፣ ጎጆ ሲታደስ ከዚያው ነው፣ ሰው ታሞ ቃሬዛ ሲያስፈልግም ከዚያው ነው። በነፋስ ቀን ሲፋጭ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ እንቅልፌን ያመጣዋል።

በጥር፣ ለግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ቤት ሳለሁ፣ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር አስጠራኝ። ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ በአንድ መንደር ይሰብሰብ የሚል ትእዛዝ ወርዷል። ሰውዬው ተጨንቋል።

«ፕላን አምጣ ተብያለሁ» አለኝ። «አንተ ተማሪ ነህ። ለመሆኑ ፕላን ምንድን ነው?»

እኔም የተጠየቅሁትን ብቻ መልሼ መሄድ ሲገባኝ፣ ጉራዬ አላስቀምጥ ብሎኝ ቤት ሮጬ የስሚንቶውን ወረቀት ይዤ መጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ ሊቀ መንበሩ አፉን ይዞ ቀረ።

«ይሄማ ያለቀለት ነው! ከበላይ የመጣ ነው እላለሁ። ልጅ የሣለው ነው ካልኩ ማን ይገባበታል? አንተም አፍህን ዝጋ።»

ጠለሞን የሚለውን በላጲስ አጠፋሁና በምትኩ የቀበሌያችንን ስም ጻፍኩበት። ለማጥፋት አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ችካል የተተከለ ዕለት የገመዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አያ ጥሩነህ በከዘራቸው እየተደገፉ መጡና የሽማግሌዎቹን መንገድ፣ የታችኛውን መሥመር ሲያዩ ጎንበስ ብለው ሣሩን ዳሰሱት።

«ልጄ፣ ይኸን ቄጠማ ታየዋለህ? ቄጠማ ባለበት ቤት አይሠራም። ክረምት ጎርፉ በዚህ ነው የሚወርደው። አንተ የተማርክ ነህ፣ አንተን ይሰሙሃል። እስቲ ንገርልኝ።»

«እሺ፣ እነግርልዎታለሁ» አልኩ።

አልነገርኩም። ሊቀ መንበሩን ፈርቼ እንዳይመስላችሁ። ቢሆንማ ዛሬ ባልከበደኝ። የታችኛው መንገድ ከተነሣ አራት ማዕዘኑ አንድ ጎን ይጎድለዋል፣ ከተማዬ ይበላሽብኛል ብዬ ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ አፍራለሁ።

ግንቦት ሳይወጣ ቤቱ ሁሉ ቆመ። ግድግዳውና ጣራው የተሠራው ከየሰዉ ጓሮ በተቆረጠ ቀርቀሃ ነው። የአያ ጥሩነህ ወፍራም ስለነበር ለስብሰባ አዳራሹም ተፈለገና እስከ ሥሩ ተጨፈጨፈ። እኔ ያኔ ዳንግላ ነበርኩ። በሰኔ መጨረሻ ትምህርት ተዘግቶ ስመጣ የድሮው ቤታችን ቦታ ከሩቅ ራቁቱን ታየኝ። አያ ጥሩነህ ከመንደሩ ግርጌ፣ የመጨረሻው ቤት ደርሷቸዋል። ዕድሜ ይከበራል ተብሎ!

ሐምሌ ላይ፣ ዘመድ ቤት ባደርኩበት አንድ ማለዳ፣ ሰው ሲጮህ ሰምተን አያ ጥሩነህ ቤት ደረስን። ሌሊቱን የወረደው ጎርፍ በአንደኛው ግድግዳ ገብቶ በሌላው ወጥቷል። የእህሉ ጎታ ከሥሩ ፈርሶ ዘርና ቀለብ የሚሆነው ገብስ በጭቃው ውስጥ አብጦ ተንሳፍፏል። እኔም ከሰዉ ጋር በጣሳ ውሃ እቀዳለሁ። አያ ጥሩነህ ግን ምንም አልቀዱም። ከገብሱ ጥቂት ዘግነው አዩትና መልሰው ጣሉት። ከዚያ ከራሳቸው ላይ ጋቢያቸውን አወረዱ። ሰዉ የሚሆነውን ስላወቀ ጣሳውን እያስቀመጠ ቆመ።

እርግማኑን በአገውኛ ጀመሩት፤ ለአባቶቻቸው መሰለኝ። ከዚያ ሊቀ መንበሩም እንዲሰማ በአማርኛ ደገሙት።

«ይህን መሥመር ያሰመረች እጅ ጎጆ አትቀልስ!»

«አሜን!» አለ ሰዉ።

ሽማግሌ ሲመርቅም ሆነ ሲረግም አሜን ይባላል። ዝም ያለ ሰው ይጠረጠራል። ሊቀ መንበሩ ከበሩ ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን ከእኔ ሳያነሣ፣ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። ድምፄ ከሁሉም በላይ ወጥቶ የተሰማ መሰለኝ።

በመስከረም ነገሩን ለሞላ ነገርኩት። መጀመሪያ «ጠለሞን ላይ ሰው አሰፈራችሁ?» ብሎ ሊስቅ ነበር። ከዚያ ግን ከእኔ ይልቅ ለራሱ እንደሚናገር ሁሉ «እኛ እኮ ጠለሞን ላይ አንድም ቀን ዝናብ አላዘነብንም» አለ። የሕጉን ደብተር ገጽ በገጽ እየቀደደ እሳት አቀጣጠለበት። ከዚያ ወዲህ ስለ ጠለሞን ተነጋግረን አናውቅም።

ከዓመታት በኋላ ዘመኑ ተለወጠና ሰው ወደየቀዬው ተመለሰ። እኔ መምህር ሆኛለሁ። አያ ጥሩነህ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗቸው ቀርቀሃ ሊተክሉ ነው መባሉን ስሰማ፣ ዛሬስ እነግራቸዋለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ እላቸዋለሁ ብዬ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ሄድኩ። የረገመ ሰው ነው እርግማኑን የሚያነሣው። እሳቸው የቀርቀሃ ሥር ያቀብላሉ፣ እኔ እቆፍራለሁ። በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ልናገር ብዬ ለሁለተኛው አቆየሁት። ሁለተኛው ላይ ውሃ ጠማኝ። እንዲህ እያልኩ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ቆፈርኩ።

ስንጨርስ ጭቃ የሆነ ቀኝ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና እንትፍ፣ እንትፍ አሉበት።

«ይህች እጅ ትባረክ። የነካችው ይለምልም።»

«አሜን» አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ? በሚቀጥለው ዓመት በጾመ ፍልሰታ ዐረፉ። ሳልነግራቸው ቀረሁ።

ያችኑ አንዲት እጅ አንድ ሽማግሌ ረግመዋታል፣ መርቀዋታልም። የትኛው እንደደረሰኝ አላውቅም። ቀርቀሃው ለምልሟል፤ በሚኒባስ ሳልፍ ከአስፋልቱ ላይ ሆኜ አየዋለሁ። በሌላ በኩል ሁለት ጊዜ የቤት መሥሪያ ቦታ ደርሶኝ ነበር። አንዱን ለወንድሜ ሰጠሁ፣ አንዱን ሳላጥረው ጊዜው አለፈና ተወሰደ። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ምን ዓይነት ወንድ ነው ጎጆ የሚፈራ?» እያለች በኪራይ ቤት አረጀች። ምክንያቱን አልነገርኳትም። ያ ይቆጨኛል። አሁን የምኖረው በልጄ ቤት ነው።

ይህን ሁሉ በዚያን ዕለት ለማሕሌት ነገርኳት። ለምን ለእሷ እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት እርሳሱ አሁንም እጄ ላይ ስለነበረ ይሆናል። አገር በሐሳብ መሥራት ኃጢአት አይደለም። እኔ ያጠፋሁት፣ ቄጠማውን በእጃቸው ዳስሰው የነገሩኝን ሰው ትቼ መሥመሬን ማመኔ ነው። ማሕሌት ካርቶኑ ላይ ተንበርክካ ስትሰማኝ ቆየችና ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ በጠለሞን የእርስዎ ቤት የትኛው ነበር?»

አሰብኩ። አልነበረኝም። ያን ሁሉ ቤት ስሥል የራሴን አንድም ጊዜ አላሰብኩትም፤ ሁልጊዜ ከወረቀቱ በላይ ነበርኩ።

«አልሣልኩትም» አልኳት።

እርሳሱን ከእጄ ወሰደች። ካርቶኑ ጥግ ላይ፣ ሕግ ብላ ካሰመረችበት ሥር ቀስ ብላ ጻፈችና አነበበችልኝ።

«ሕግ አንድ። ካርታውን የሣለ ሰው ከወንዙ ዳር፣ የመጨረሻው ቤት ውስጥ ይኖራል።» ቀና ብላ አየችኝ። «ይሁን አባባ?»

«አሜን» አልኩና እርሳሱን እንድትመልስልኝ እጄን ዘረጋሁ።