ሣር ያልበቀለባቸው የሐይቅ እርከኖች

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ጋምቤላ ከተማ

ከጋምቤላ የተነሣነው ሁለት ሆነን ነው፤ እኔና ሾፌሩ ኦባንግ። እኔ የአፈር ባለሙያ ነኝ፤ የደጋ ልጅ ብሆንም እዚህ ከተማ ስኖር ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የጉዞው ዓላማ በደብዳቤው ላይ «የተተከለው የመኖ ሣር ያልጸደቀበትን ምክንያት ማጣራት» ተብሎ ተጽፏል። ደብዳቤው ያላነሣው ነገር ግን አለ። ያንን ቦታ ከሁለት ዓመት በፊት «ለግጦሽና ለመኖ ሣር ተስማሚ» ብዬ የፈረምኩበት እኔው ነኝ። በፊርማዬ መሠረት በየክረምቱ ጎርፍ የሚያፈናቅላቸው የኑዌር ከብት አርቢዎች ከነቤተሰቦቻቸው ወደ ከፍታው ወጥተው ሰፈሩ። አሁን ሣሩ ሞቷል። ዝናቡ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቢቀረው ነው፤ እዚያው ይቆዩ ወይስ ይነሡ የሚለውን መልስ የሚጠብቁት ከእኔ ነው።

አለቃዬ ትናንት ሲሸኘኝ «አተካከላቸውን በደንብ እዪው፤ ከብት አርቢ ስለ ሣር መትከል ምን ያውቃል?» ብሎኛል። እውነቱን ልናገርና ጥፋቱ የእነሱ ሆኖ ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር።

ኦባንግ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት መሪውን ይዞ ጸለየ፤ አጭር መንገድም ቢሆን ሳይጸልይ አይነዳም። እኔም አማተብኩ። ባጃጆቹ ገና አልወጡም፤ ከማንጎዎቹ ሥር የጽዳት ሴቶች ብቻ ይታያሉ። ሙቀቱ ግን ከእኛ ቀድሞ ተነሥቷል።

2 ሰዓት፣ ኢታንግ

ለቁርስ ቆምን። የተጠበሰ ዓሣ ከዳቦ ጋር ለሁለታችን አራት መቶ ብር። ዓሣዋን የምትጠብሰው ሴት ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀችን፤ ኦባንግ ነገራት። የቦታውን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ሰዎቹ የደረሰባቸው ይበቃቸዋል።

«ነጩ መሬት?» አለች ዓሣውን እያገላበጠች። «እዚያ ዶሮ እንኳን አይጭርም። ሰው ምን ሊሠራ ሄደ?»

«መንግሥት ሂዱ አላቸው» አላት ኦባንግ። ወደ እኔ አላየም፤ ለእኔ ማዘኑ ነው። የዓሣ ድርሻዬን ለእሱ ተውኩለት።

ከኢታንግ በኋላ ጥርጊያውን መንገድ ትተን በጭቃ ወቅት መኪና የፈለፈለውን ደረቅ ቦይ ተከትለን ሄድን። ሁለት ጊዜ ወርደን ድንጋይ ደለደልን። አቧራው ጥርሴ ውስጥ ይንቀጫቀጭ ነበር።

5 ሰዓት፣ እርከኖቹ

ቦታው ድሮ ሐይቅ ነበር። ውኃው እየሸሸ ሲሄድ በቆመበት ሁሉ ዳርቻውን ትቶ ስለሄደ መሬቱ በአራት ሰፋፊ እርከኖች ወደ ደረቀው ወለል ይወርዳል። አፈሩን ዝቅ ብሎ ያየ ሰው ጥፍር የሚያካክሉ የቀንድ አውጣ ቅርፊቶች ያገኛል። ከሩቅ ሲያዩት ሜዳው ዱቄት የተነዛበት ይመስላል፤ ሲቀርቡት ነጭ ጨው ነው። ከነጩ መሐል ደግሞ ዘይት የፈሰሰበት የሚመስል ጥቁር ልጥፍ ልጥፍ አለ። አልካላይ፣ ማለትም የሶዳ ዓይነት ጨው፣ የበዛበት አፈር የበሰበሰውን ቅጠልና ሥር ያሟሟና በትነት ወደ ላይ ሲያወጣው እንዲህ ያጠቁራል። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜም አልፌበታለሁ።

የተተከለው ሣር ገለባ ሆኖ በመስመር በመስመር ቆሟል። መስመሩ የተስተካከለ ነው፤ ርቀቱም ጥልቀቱም መመሪያው እንደሚለው ነው። ገና ከመኪና ሳልወርድ ጥፋቱ የእነሱ እንዳልሆነ ገባኝ።

የተቀበሉን ኛቦል የሚባሉ እናት ናቸው። ድሮ ጋምቤላ ገበያ ወተት ይሸጡ ስለነበር አማርኛ ይችላሉ። «ማሌ» አልኳቸው፤ በእነሱ ቋንቋ ሰላምታ ነው። መለሱልኝና ፊቴን ረጅም ጊዜ አዩት።

«አንቺ ነሽ» አሉ። «በባልዲ አፈር የወሰድሽ።»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«ያን ጊዜ ነግሬሻለሁ። ይሄ የመላሻ መሬት ነው። ላም ይመጣል፣ ይልሳል፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። ከዚያ እንሄዳለን። አባቶቻችን እዚህ የላም ገመድ አላሰሩም። አንቺ እሺ እሺ አልሽ፣ ጻፍሽ፣ ሄድሽ።»

የዚያን ጊዜው ማስታወሻ ደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ዞር ብዬ ገለጥኩት። በእጄ ጽሑፍ «ከብቶቹ አፈሩን በጣም ይወዱታል» ይላል፤ ከሥሩም አስምሬበታለሁ። እኔ ያደግሁበት አገር ለከብት ጨው ተገዝቶ ነው የሚሰጠው። ከመሬት በነጻ ሲልሱ ሳይ በረከት መስሎኝ ነበር። ሴትዮዋ ማስጠንቀቂያ ሲነግሩኝ እኔ ምስጋና አድርጌ ጻፍኩት። አፈርኩ፤ ደብተሩን መልሼ ከተትኩት።

8 ሰዓት፣ ጉድጓዱ

ኦባንግና ሁለት የሰፈሩ ሰዎች ጉድጓድ ቆፈሩልኝ። ላዩ ላይ ጣት የማይሞላ ልል አፈር አለ። ከዚያ በታች ዶማው እየነጠረ ይመለስ ጀመር። ግድግዳውን በቢላ ሳጸዳው አናታቸው እንደ ድፎ ዳቦ የከበበ የአፈር ዓምዶች ተጠጋግተው ቆመዋል። የሣሩ ሥር እነሱን መብሳት አቅቶት ወደ ጎን ታጥፎ ደርቋል። አሲድ ጠብ ሳደርግበት ፈላ፤ የኖራ ምልክት ነው። የፒኤች መለኪያው ዘጠኝን አልፎ ወደ አሥር ተጠጋ፤ ለሣር ሰባት አካባቢ ነው የሚስማማው። በጀሪካን ውኃ አፈሰስንበት። ውኃው ወተት መስሎ ላዩ ላይ ተኛ፤ የሰፈሩን ሰዎች ጥያቄ ሁሉ መልሼ ስጨርስም አልሰረገም።

ከዚያ አምስት እርምጃ ራቅ ብዬ ሌላ አስቆፈርኩ። አፈሩ ልል ነው፤ የዱር ሣር ሥር አንድ ክንድ ያህል ወርዷል፤ ፒኤቹም ደህና ነው። እንደገና ስድስት እርምጃ፤ እንደገና ጨው። መሬቱ እንደ ዝንጉርጉር ላም ቆዳ ነው፤ ደጉና ክፉው አጠገብ ለአጠገብ ይኖራሉ።

የሠራሁትን ያን ጊዜ አየሁት። የአፈር ናሙና ስንወስድ ሜዳውን እየተጠማዘዝን ከአሥራ አምስት ቦታ እንዝቃለን፣ በአንድ ባልዲ እናቀላቅላለን፣ ከድብልቁ አንድ ኪሎ ወስደን እንመረምራለን። አንድ ዓይነት አፈር ላለው የደጋ ማሳ ይሠራል። እዚህ ግን ደጉን ከክፉው ደባልቄ የትም የሌለ አፈር ፈጠርኩ፤ ለዚያ ለሌለው አፈር ነው «ተስማሚ» ብዬ የፈረምኩት። በየቦታው ለየብቻ ብወስድ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጅብኝ ነበር። ዝናብ ሳይይዘኝ ልመለስ ብዬ በግማሽ ቀን ጨረስኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን ግን የሚለቅሙት ሌሎች ናቸው።

11 ሰዓት

ኛቦል የደረቀ እበት እየለቀሙ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስሕተቱ የእኔ ነው አልኩ። ይቅርታም ጠየቅሁ። ቀና ሳይሉ ሰሙኝ።

«መድኃኒት አለው?» አሉ።

«ጂፕሰም የሚባል የድንጋይ ዱቄት አለ። ግን ብዙ መኪና ያስፈልጋል፤ ውኃም ያስፈልጋል። ዓመታት ይፈጃል።»

«ዓመት ለላም ትነግሪያለሽ?»

የቀሩትን ከብቶች አሳዩኝ፤ አጥንታቸው ይቆጠራል። ስለሞቱት ሳነሣ በስማቸው ይጠሯቸው ጀመር፤ ከዚያ መሐል ላይ አቆሙ። ደግ ደጉን መሬት ብቻ መርጬ ምልክት ላድርግላችሁ አልኩ። በባንዲራ በባንዲራ ለይቼ ሳየው የከብቱን ሩብ እንኳን አይችልም።

«ታዲያ ማን ይቀራል? ማን ይሄዳል?» አሉኝ። «አንቺ ምረጪ እንግዲህ። የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

በክፋት አላሉትም። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እራት ወልዋል አቀረቡልን፤ በትናንሹ ተድበልብሎ የተቀቀለ የማሽላ ዱቄት ነው፤ በወተት ነው የሚበላው። የእኛ በወተት ነበር። የእሳቸው በውኃ መሆኑን ያየሁት በልቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ዓርብ፣ የመልስ ጉዞ

ማልደን ተነሣን። መኪናው ኋላ እያንዳንዱ ለየብቻ የታሰረና የተጻፈበት አርባ የአፈር ከረጢት አለ። ኦባንግ ብዙ አይናገርም፤ ኢታንግን ስናልፍ ግን «አሁን በትክክል ወስደሻል አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፤ ከልቡ ነው። እኔ መንገዱን ሁሉ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ አለቀስኩ።

ጋምቤላ የደረስነው ለምሳ ነው። ቤቴ ሳልገባ ቢሮ ሄጄ አዲስ ሪፖርት ጻፍኩ፤ የመጀመሪያው ስሕተት መሆኑንና የተሳሳትኩት እኔ መሆኔን በመጀመሪያው መስመር ላይ አሰፈርኩ። አለቃዬ አንብቦ «ይሄ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ኮሚቴ ያየዋል» አለ። ኮሚቴው መቼ እንደሚሰበሰብ ስጠይቀው «ከክረምት በኋላ» አለኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከተጠበቀው ቀድሞ፣ ዝናቡ ጀመረ። በማግሥቱ የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ፤ ኛቦል ናቸው፤ ከኋላቸው የከብት ድምፅ ይሰማል።

«ወጣን» አሉኝ። «ወደ ታች፣ ወደ ድሮው ቦታ።»

«እናቴ፣ እዚያ እኮ ጎርፍ አለ። አምና እንኳን ስንት ቤት ወሰደ።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ የማውቀው። ውኃ ይመጣል፤ ግን ይሄዳል። ያንቺ መሬት አይሄድም።»

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርሽ ብባል የአፈር ናሙና አወሳሰድ ተማርኩ እላለሁ፤ ውሸትም አይደለም። ግን ያን መሬት «ያንቺ» ሲሉት ሰምቻለሁ። አሁን ውጭ ይዘንባል። ባሮ እየሞላ ነው ይላሉ። ወደ ስልካቸው ሦስት ቀን ደወልኩ፤ አይነሣም።