ሱዋን ኪም እና የአያቷ አፈር

አክስቴ ሱዋን ኪም ቁጭ ብላ ስትበላ አይቻት አላውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ ታይፒንግ ከተማ ውስጥ የተማሪ ሚኒባስ ስትነዳ ኖራ፣ ጡረታ ከወጣችም በኋላ ያው ናት፤ ቆማ ትጎርሳለች፣ እየሄደች ትጠጣለች። "መኪናዋን ሽጪና እረፊ" ስንላት፣ "ስሞት አርፍ የለ፤ ምን አስቸኮላችሁ?" ትለናለች። ባሏ በሕይወት ሳለ "እኔ ያገባሁት ነፋስ ነው" ይል ነበር። ምስኪን፣ እውነቱን ነው።

አባቷ ቴይክ፣ ማለትም የእኔ አያት፣ ነፍሱ ልትወጣ ስትል እጇን ይዞ "የአባቴን የመቃብር አፈር ወደ አገሩ መልሺልኝ" ብሎ አደራ ጣለባት። ከዚያ ወዲህማ ጭራሽ ባሰባት። የቴይክ አባት እንግሊዞች አገራችንን ሲገዙ ከቻይና በመርከብ መጥቶ፣ የቆርቆሮ ማዕድን ሲቆፍር እዚሁ የሞተ ሰው ነው። ቴይክ ያኔ ገና ድክ ድክ ይል ነበር። እናቱ የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችው። በየዓመቱ የመቃብር ጠረጋ ሰሞን ሲደርስ ኮረብታው ላይ ወዳለ አንድ መቃብር ትወስደውና "አባትህ ይኸውልህ፣ ስገድ" ትለዋለች። እኛም እሱን ተከትለን እዚያው ስንሰግድ ኖርን።

የመቃብሩ ድንጋይ ላይ የሟቹ ስምና የመጣበት መንደር ተቀርጿል፤ ስሙ ኮር ቦክ ሴንግ ይላል። አክስቴ ያንን መንደር ፍለጋ ያላስቸገረችው ሰው የለም። ስሙ ተቀይሯል ሲሏት አዲሱን ስም አገኘች፤ መንገድ የለውም ሲሏት መንገዱን አገኘች። በመጨረሻ የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጠች፤ ለእኔም ጭምር። የቻይንኛ ጽሕፈት ስለማነብ ብቻ እንደ ሻንጣ አንጠልጥላኝ ልትሄድ! ሥራ እንዳለኝ፣ አለቃ እንዳለኝ ብነግራት ማን ሰምቶኝ።

ሌላ ጊዜ መቃብር የምንጠርገው በሰሞኑ የመጀመሪያ እሁድ ነው። ዘንድሮ ግን ሚኒባሷ ጋራዥ ገብታ ስለነበር በመጨረሻው እሁድ ሄድን። አክስቴ የአፈር መያዣ የወተት ጣሳ ይዛ ከፊት፣ እኔ ለሟቹ የምናቀርበውን የተቀቀለ ዶሮና ብርቱካን ተሸክሜ እያለከለክሁ ከኋላ። ስንደርስ ዕድሜያቸው ዘጠና የሚጠጋ አንድ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ልጃቸው የድንጋያችንን ፊደል ቀይ ቀለም ይቀባል። ፊደሉ በየዓመቱ የሚታደሰው በመቃብሩ ዘበኛ ደግነት ይመስለን ነበር።

"አባባ፣ መቃብር ተሳስተዋል" አለች አክስቴ።

"አልተሳሳትሁም ልጄ። ይልቅ እናንተ ዘንድሮ ዘገያችሁ።"

"ያውቁናል እንዴ?"

"እንዴት አላውቃችሁ? የመጀመሪያው እሁድ የእናንተ፣ የመጨረሻው የእኛ አይደል።" ጣሳውን አዩትና ፊታቸው ተለወጠ። "አፈር ልትወስጂ ነው? እስቲ መጀመሪያ ተቀመጪ።"

"ቆሜ እሰማለሁ።"

ሽማግሌው አባባ ሁዋት ይባላሉ። "እዚህ የተቀበረው የእኔ አያት ነው" አሉ። "ያንቺ አያት እዚህ የለም። የማዕድኑ ጉድጓድ ተንዶ ውሃ ሲገባበት እዚያው ቀረ፤ ሬሳው አልወጣም። ሚስቱ ልጇን አዝላ ሴት አያቴ ዘንድ መጣች። 'ልጄ አባቴ የት ነው ሲለኝ ውሃ ውስጥ ነው ልበለው? ባሎቻችን ሁለቱም የኮር ዘር ናቸው፤ እባክሽ እዚህ ይስገድ' አለቻት። አያቴም 'ይስገድ፣ አንድ ሳህን ሩዝ ቢጨመርለት ሟቹ አይጠላም' አለች። እኛንም ልጁ እንዳያፍር በሌላ ቀን ሂዱ፣ ምስጢሩንም አታውጡ ብላ አስማለችን።"

አክስቴ ደሟ ፈላ። "ይኼን ሁሉ ዘመን ለሰው አያት ዶሮ ሳቀርብ ዝም አላችሁ?"

"ዶሮውን እኛ አልበላነው።"

"ታዲያ ዛሬስ ለምን ነገሩኝ?"

"ድንጋዩ ላይ የተጻፈው መንደር ውስጥ የአጎቴ ልጆች አሉ። ዘራቸውን ከነቅርንጫፉ ያውቃሉ። አፈር ይዘሽ የልጅ ልጁ ነኝ ብትያቸው ሰው ፊት ያዋርዱሻል። እሱን ከማይ መሐላዬን ባፈርስ ይሻላል ብዬ ነው።"

አክስቴ ጣሳውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። "የእኔስ ሰውዬ? ስሙ ማን ነበር? ከየት መጣ?"

"አላውቅም ልጄ። ያቺ ሴት ስሙን ስትጠራ የሰማ የለም።"

እንዴት ይሰማ? በእነሱ ጊዜ ሚስት የባሏን ስም አትጠራ፣ ልጅ የአባቱን ስም አይጠራ። አክስቴ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። ወር ሙሉ ስነጫነጭባት የነበርሁት ሴትዮ አንጀቴን በላችው። አፍንጫዋን ጠረገችና "ጉድጓዱ የቱ ነው?" አለች።

አባባ ሁዋት በከዘራቸው ወደ ታች አሳዩን። ከባቡር ጣቢያው ወዲያ ያለው፣ ዛሬ ሰው ዓሣ የሚያጠምድበት ኩሬ ነው። አክስቴ ጣሳውን ባዶውን ይዛ፣ ዶሮውን አንስታ፣ ወደ መኪናዋ ወረደች።

በእኛ ልማድ ውሃ የበላውን ሰው ነፍስ ከዳር ሆኖ ስሙን እየጠራ የሚያወጣው የገዛ ዘመዱ ነው። መምጣቱን ለማወቅ ሁለት ሳንቲም ይወረወራል፤ ሁለቱ በአንድ ዓይነት ገጽ ከወደቁ አልመጣም፣ ከተለያዩ መጥቷል። አክስቴ ዶሮውን ኩሬው ዳር አስቀመጠች፣ ዕጣን ለኮሰች፣ ከዚያ አፏ የለመደው ስም ወጣ። "ኮር ቦክ ሴንግ፣ ና ውጣ!" ሳንቲሞቹን ወረወረች። አንድ ዓይነት ወደቁ። ደገመች፤ ያው።

"እንዴት ይምጣ?" አልኋት፣ ምላሴ አያርፍምና። "የጠራሽው የአባባ ሁዋትን አያት ነው።"

ቁጣዋን ስጠብቅ ውሃውን አየችው። "ሚስቱ ምን ብላ ነበር የምትጠራው?" አለች።

"እንደ ማንኛዋም የጥንት ሚስት ነዋ። በልጁ ስም።"

አክስቴ ጫማዋን አውልቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውሃው ውስጥ ገባች። "የቴይክ አባት" ብላ ተጣራች፤ ድምፅዋ ወዲያ ማዶ ደረሰ። "የቴይክ አባት፣ ና ውጣ፤ ልጅህ ቴይክ ነው የላከኝ። አድጎ፣ ወልዶ፣ አርጅቶ ነው የሞተው። ና፣ ብዙ ቆየህ።" ዓሣ አጥማጆቹ ዞረው አዩን። መጀመሪያ አፈርሁ፤ ኋላ እኔም አብሬያት "የቴይክ አባት" እያልሁ ተጣራሁ።

ሳንቲሞቹ ተለያይተው ወደቁ።

አክስቴ ሳንቲሞቿን ለቅማ፣ እግሯ እንደራሰ ወደ ሚኒባሷ ሄደችና የፊተኛውን በር ከፈተች። ልገባ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

"አንቺ ወደ ኋላ ሂጂ። እሱ ከፊት ይቀመጥ።"

"ወዴት ልትወስጂው ነው?"

"ወደ ቤቴ ነዋ።"

ወደ ኋላ ሄድሁ። እሷም ቀበቶውን ስባ ባዶው ወንበር ላይ አሰረችለትና ሞተሩን አስነሳች።