የታጠነው የወተት ዕቃ

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ላሞቹን የማልበው እኔ ነኝ። እሱ ሲያልብ በአፍ መፍቻው በኽምጣኛ ያባብላቸው ነበር፤ እኔም ቃላቱን እየደጋገምሁ አልባለሁ። ስለ እሱ ልጽፍ ስቀመጥ ቀድሞ የሚመጣልኝ የሕመሙ ጊዜ ሳይሆን ከወተት ተቆጣጣሪዋ ጋር የተከራከረበት ሳምንት ነው። ለዚህም ተመስገን እላለሁ።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ሰቆጣ ዳር ሁለት ላሞች ነበሩን፤ ወተቱን ለአንዲት ሻይ ቤት እናስረክባለን፤ ልጆቻችንንም የምናስተምረው በዚያ ነበር። በኋላ ከመንግሥት ትእዛዝ መጣ፤ ንጽሕናው ተመርምሮ ፈቃድ ያላገኘ ወተት ለሻይ ቤት አይሸጥም። የበረቱ ወለል እንዲነጠፍ፣ የላሟ ግት በሞቀ ውሃ እንዲታጠብ፣ ወተቱም በቅል ሳይሆን ክዳን ባለው የአሉሚኒየም ዕቃ እንዲያዝ ተነገረን።

ባለቤቴ ሳያጉረመርም ከወንዝ ጠፍጣፋ ድንጋይ እያመጣ በረቱን አነጠፈ። የምርመራው ቀን ጠዋት ደግሞ አዲሱ ዕቃ እንዲያምርለት በወይራ ጭስ አጠነው። በእኛ ዘንድ ባልታጠነ ዕቃ ወተት የምትቀዳ ሴት ሰነፍ ትባላለች፤ ስለዚህ ፍሙን ያቀበልሁት እኔው ነኝ።

ተቆጣጣሪዋ ወጣት ነበረች። በረቱን ስታይ ፊቷ ፈካ። ከዚያ የዕቃውን ክዳን ከፍታ ጣቷን ወደ ውስጥ ሰደደች፤ ጠቁሮ ወጣ።

«አባባ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ታጥኖ ነው፣ ልጄ።»

«ጥላሸት ነው እኮ።»

«የወይራ ነው። እናትሽ ባልታጠነ ቅል ወተት ሰጥታሽ ታውቃለች?»

ሳቋን ዋጥ አደረገች። «አታውቅም። ግን እናቴን ልመረምር አልመጣሁም።»

የአንድ ሳምንት ጊዜ ሰጠችን። ባለቤቴ ዕቃውን በሙቅ ውሃና በሳሙና ፈትጎ ፀሐይ ላይ ደፋው። የዚያን ቀን የታለበውን አንድ ብርጭቆ ለሻይ ቤቷ ባለቤት ወሰድሁላት፤ እንድትቀምሰው።

«ምነው እቴ፣ ውሃ ጨመርሽበት እንዴ? ሽታው የታል?»

«ጭሱ ተከልክሎ ነው።»

«ደንበኛ ይህን አያምንም። እኔም አልገዛም።»

አንዱን ስናሟላ ሌላው ጎደለ። በማግሥቱ ግን ባለቤቴ ሄዶ ተቆጣጣሪዋን እሻይ ቤቱ ድረስ አመጣት። ልጅቱ መለኪያዋን፣ ወተት መቅጠኑን የሚያሳየውን የመስታወት ዘንግ፣ ከወተታችን ውስጥ አቁማ ለሴትዮዋ አሳየች።

«ውሃ ቢኖርበት ወደ ታች ይሰምጥ ነበር። ይኸው፣ አልሰመጠም።»

ሴትዮዋ አጎንብሳ ብዙ አየች። «ይሁን። ደንበኛ ሲያኮርፍብኝ ግን መለኪያሽን ይዘሽ ትመጫለሽ» አለች።

ፈቃዱ በሳምንቱ መጨረሻ ተሰጠን። ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ስል ባለቤቴ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ።

«እዚህ ምን ይሠራል? የተመረመሩት እነሱ ናቸው» አለኝ፤ ሄዶም በረቱ ውስጥ፣ የላሞቹ ምላስ ከማይደርስበት ከፍታ፣ በምስማር መታው።