ሳይጠጣ የተከደነው እርጎ፦ ከሰበታ በቡራዩ ወደ ሱሉልታ

ይህ ጉዞ የተጀመረው ከተማሪ ወረቀት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ታሪክ አስተምሬአለሁ፤ በየዓመቱም ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆቼ የምሰጠው አንድ የቤት ሥራ አለ። በጭካኔያቸው ስማቸው የቀረ ሁለት መሪዎችን መርጣችሁ፣ ሕይወታቸውንና የተነሱበትን ምክንያት አወዳድሩ እላቸዋለሁ። ልጆቹ ሁልጊዜ የሩቅ አገር ሰው ነው የሚመርጡት። አባቱ እየገረፈ ያሳደገው፣ ሰዓሊ ልሁን ብሎ ያልሆነለት፣ ለቅስና ተልኮ ጠመንጃ ይዞ የተመለሰ፤ ብቻ ለሁሉም ምክንያት ይገኝለታል።

ወረቀቱን የማርመው ኮልፌ ቤታችን፣ ሳሎን፣ ከአባዬ ጎን ተቀምጬ ነው። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። ዓይኑ ስለደከመ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ዘንድሮ ሦስተኛው ወረቀት ላይ ስንደርስ አቋረጠኝ።

«እኔስ?» አለኝ። «እኔ የትኛው ገጽ ላይ ነኝ?»

ምን ልበለው? አባዬ በአብዮቱ ዘመን ሱሉልታ ውስጥ የቀበሌ ሊቀመንበር ነበር። ሲያልፍ ሰው በሩን ይዘጋ ነበር አሉ። ገመቹ የሚባል ወጣት መምህር በእሱ ትእዛዝ ከቤቱ ተወስዶ በዚያው ቀረ። አባዬ በዚህም በሌላውም ተፈርዶበት ዓመታት ታስሮ ወጥቷል። እኔ የማውቀው ግን እናቴ ስትሞትብኝ ሹሩባ መሥራት ተምሮ በየቅዳሜው ፀጉሬን የሚጎነጉንልኝን አባት ነው። ጉንጉኑ ጠማማ ነበር፤ ትምህርት ቤት ይስቁብኝ ነበር፤ እኔ ግን አልፈታውም።

«የገመቹ እህት እዚያው ሱሉልታ አለች፤ ጫልቱ ትባላለች» አለኝ። «ሽማግሌ ብልክባት ትቀበለኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ሳልሞት።»

ጊዜው ደግሞ ጉድ ነበር። ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር አዲስ አበባን የከበቡትን ከተሞች አስቆጥቶ፣ መንገዱ ዛሬ ይዘጋል፣ ነገ ይከፈታል፣ ከነገ ወዲያ ማን ያውቃል። ያም ሆኖ ረቡዕ ጠዋት ሻርፔን ጠምጥሜ ወጣሁ። ወደ ሱሉልታ ዘው አልልም፤ ደም የሚያስታርቁ ሰው ላነጋግር መጀመሪያ ወደ ሰበታ።

ሰበታ፣ ረቡዕ ረፋድ

ከአየር ጤና ሚኒባስ ያዝኩ፤ ሰባት ብር። ረዳቱ አራት ሰው በሦስት ወንበር ካላስቀመጠ የማያድር ዓይነት ነው። ከጎኔ የተቀመጠች የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከወላይታ የመጣች፣ እስክንደርስ በለሆሳስ መዝሙር ታዜም ነበር። ፍተሻ ላይ ሁላችንም ወርደን መታወቂያ አሳየን። ፖሊሱ ሥራዬን ጠየቀኝ፤ «የታሪክ መምህር» ስለው ቀና ብሎ አየኝና ተወኝ።

ኦቦ ቶሎሳ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ግቢያቸው ውስጥ አጥር ሲጠግኑ አገኘኋቸው። የባልደረባዬ አጎት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጉማ ሲያስጨርሱ ኖረዋል። ጉማ ማለት በኦሮሞ ወግ የደም ካሣውም እርቁም ነው።

የመጣሁበትን ስነግራቸው ስለ አንድ ሽፍታ አጫወቱኝ። በአባታቸው ዘመን እዚህ ጫካ ውስጥ የነበረ ነው። ጭቃ ሹሙ በሬውን ነጥቆት ሸፈተ፤ ሰዉም እሰይ አለ። አንድ ገደለ፣ ሁለት ገደለ።

«ሦስተኛውን ሲገድል» አሉኝ፣ «በሬው ተመልሶለት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ገደለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ለምዶት ነዋ።»

ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ኦቦ ቶሎሳ መጻፌን አይተው ሳቁብኝ። ከዚያ ግን ጣታቸውን አንስተው በቁም ነገር መከሩኝ። «ስትሄጂ እርጥብ ሳር በእጅሽ ያዢ፤ ሳር የያዘን ሰው ማንም አይነካም። ደግሞ ስሚኝ፣ ደም ባለበት ቤት ጉማው ሳያልቅ ውኃ እንኳ አይቀመስም። ብትቀምሺ በሟቹ ላይ ማላገጥ ነው።»

«ካቀረቡልኝስ ኦቦ? እንግዳ ነኝ፣ እምቢ ብል ነውር አይሆንም?»

«ነውር ነው» አሉኝ። «እሱ ያንቺ ጣጣ ነው።»

ቡራዩ፣ ከሰዓት

በአየር ጤና ተመልሼ፣ በዊንጌት በኩል አስኮን አልፌ ቡራዩ ስገባ ሱቁ ግማሹ ዝግ ነው። ጋሽ ደስታ በር ላይ ጠበቁኝ። እንዳስተምር ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው ከባለቤታቸው ጋር እዚህ ይኖራሉ። ምስር ወጥ በስንግ ቃሪያ አበሉኝ፤ በጠዋት ከቤት ሳልበላ ወጥቼ ስለነበር ሳላፍር ደገምኩ።

ማታ ማታ መውጣት አይመከርም ስላሉኝ እነሱ ጋር አደርኩ። ገና ሳይመሽ ወደ ገፈርሳ ግድቡ በእግር ወጣ ብለን ባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጥን። ጋሽ ደስታ በዱላቸው ማዶውን አሳዩኝ። ያ ሁሉ መሬት የአያታቸው ነበር። አያታቸው ባላባት ነበሩ፤ ጭሰኛ እያሰሩ በማስገረፍ የታወቁ፣ ሁለቱ እዚያው ግርፊያ ላይ የሞቱባቸው።

«ጨካኝ ነበሩ?» አልኳቸው።

«ፈሪ ነበሩ። ምግብ ከመቅመሳቸው በፊት ለውሻ ይሰጡ ነበር። የሰው መሬት የያዘ ሰው ሲያስነጥሱበት ይደነግጣል። በፈሩ ቁጥር ያስገርፋሉ፤ ባስገረፉ ቁጥር ይፈራሉ።» ከዚያ ፈገግ አሉ። «ለኔ ግን ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ ከረሜላ ነበር። ትከሻቸው ላይ አድርገው ይሄን ሁሉ ሜዳ ያዞሩኝ ነበር።»

«መውደድዎን አልተዉም?»

«እንዴት ብዬ? መውደዱ እንቢ አለኝ። መዋሸቱን ነው የተውኩት።»

አለቀስኩ። ጋሽ ደስታ መሐረባቸውን ሰጡኝ። አባዬንም ከሽፍታውና ከባላባቱ ጋር አስተያየሁት። እሱን የበደለው የለም፤ ማንም በሬውን አልነጠቀውም። መሬትም አልነበረውም። አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቄው የመለሰልኝን አስታወስኩ፦ «ስብሰባው ላይ የገመቹ ስም ሲነበብ ዝም ካልኩ ቀጥሎ የኔ ይነበባል ብዬ እጄን ቀድሜ አወጣሁ። እጅ ያወጣው ደግሞ ማዘዝ አለበት።» ከባላባቱ ጋር የሚያገናኛቸው ፍርሃት ነው ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ ነጥብ የሚያሰጥ መልስ ነው።

ሱሉልታ፣ ሐሙስ

ከአዲሱ ገበያ የተነሳው ሚኒባስ የእንጦጦን ጀርባ ተሻግሮ ሜዳው ሲገለጥ ደስ አለኝ፤ ምን ላድርግ፣ ያ ሜዳ ያምራል። የድርቆሽ ክምር፣ ላም፣ ጭጋጉ ገና አልተነሳም። ከተማው ሳንደርስ ግን ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ከኋላው ወጣቶች ቆመዋል፤ ጎማም ይጨሳል። «እኔ እመለሳለሁ፤ የሚወርድ ይውረድ» አለ።

ወረድኩ። ከቦዩ ዳር እርጥብ ሳር ነጭቼ ጨበጥኩ። ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ፊት ለፊት የቆመች ጂንስ የለበሰች ወጣት ወደ እጄ አየች።

«ማዘር፣ ጉማ ነው?»

«ነው፣ የኔ ልጅ። አዴ ጫልቱ ጋ።»

ዞራ በኦሮምኛ ተናገረች። ሁለት ወጣቶች ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ከመንገዱ አነሱልኝ፤ በመሃል አለፍኩ። ልጅቷ እስከ በራቸው አደረሰችኝና ተመለሰች። የልጅቷን ፊት እያየሁ ገመቹን አሰብኩ፤ ዕድሜው የእሷ ቢሆን ነው።

አዴ ጫልቱ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ ሰባውን አልፈዋል። ሳሩን በሻርፔ ሥር ደብቄ ነበር የገባሁት፤ ከየት ብዬ እንደምጀምር ጨንቆኝ።

«አካም ጅርቱ?» አልኳቸው በተሰባበረ ኦሮምኛዬ።

«ነጋ፣ ነጋ። ሴኒ፣ ግቢ፣ ቁጭ በይ። ከአዲስ አበባ በዚህ መንገድ? አበስኩ ገበርኩ!» ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ ጓዳ ገብተው በቅል እርጎ አመጡ። የሱሉልታ እርጎ፣ ቅቤው ላዩ ላይ የቀረ። ከጠዋት ጀምሮ የረባ ነገር አልቀመስኩም። ተቀበልኳቸውና ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

«ጠጪ እንጂ።»

«እሺ።»

አልጠጣሁም። ደግመው ጋበዙኝ። ሦስተኛው ላይ ቅር አላቸው፤ ሰው ለእንግዳ እንደሚቀልደው ቀለዱብኝ።

«ምነው፣ ደም ተቃብተናል እንዴ?»

እርጎውን መሬት አስቀምጬ፣ ሳሩን አውጥቼ ተንበረከኩ። «አዎ፣ እናቴ» አልኳቸው፤ የአባቴንም ስም ተናገርኩ።

ሳሩን አልተቀበሉኝም። ውጪ የወጣቶቹ ጩኸት ይሰማ ነበር። ማስታወሻዬን ከፍቼ ስለ ፍርሃቱ፣ ስለ ስብሰባው፣ እጁን ለምን እንዳወጣ እነግራቸው ጀመርኩ። በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ለምን እንዳደረገው አልጠየቅኩሽም» አሉ። «እሱን ለዳኛው ሲናገር ሰምቻለሁ። የት ነው ያስተኙት? አርባ ዓመት ሊሞላ ነው እኮ። እናቴ በየሜዳው አፈር ስትጭር ሞተች።»

አላውቅም አልኳቸው። እውነትም አላውቅም ነበር፤ ጠይቄው አላውቅም።

ቅሉን ከመሬት አነሱ። ይደፉታል ብዬ ጠበቅኩ። አልደፉትም፤ ክዳኑን ገጥመው መደርደሪያው ላይ መለሱት። «ሽማግሌ አይላክ። ራሱ በእግሩ መጥቶ ቦታውን ያሳየኝ። ከዚያ ሽማግሌ ይቀመጣል። ከዚያ እንጠጣለን።» በር ላይ ስደርስ ጠሩኝ። «አንቺ ልጅ፣ በላይኛው መንገድ ውጪ። በታች ፖሊስ አለ።»

ኮልፌ

ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በጭነት መኪና ጋቢና መጥቼ ጀምበር ሳትጠልቅ ቤት ገባሁ። አባዬ በረንዳ ላይ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ ምንም አልቀነስኩለትም።

«እርጎውን ደፋችው?» አለኝ።

«አልደፉትም። ከድነው አስቀመጡት።»

«ቦታውን ታውቀዋለህ?» አልኩት።

«ከዋርካው ወደ ወንዙ ስልሳ ሁለት እርምጃ። በየቀኑ እቆጥረዋለሁ» አለኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሹሩባ ሲሠራኝ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ፣ ይቆጥር ነበር ማለት ነው። ተናደድኩበት። ደግሞ አቀፍኩት። ሁለቱንም አደረግኩ።

የቤት ሥራውን ቀይሬዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት «ለምን ገደሉ?» እያልኩ ጠየቅኩ፤ ልጆቼም ለገዳዮቹ ምክንያት ሲፈልጉላቸው ኖሩ። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ የመጀመሪያው ጥያቄ የሟቾቹ ቤተሰብ ምን ሲጠይቅ ኖረ የሚል ነው።

ዓርብ ጠዋት አባዬ ኮቱን ለብሶ አገኘሁት።

«መንገዱ ተከፍቷል?»

«ሚኒባስ የለም አሉ። ነገም እንጃ።»

«በእግርስ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?»

ከአጥሩ ሥር እርጥብ ሳር ነጭቼ መጣሁና በርከክ ብዬ የጫማውን ክር አሰርኩለት። ቋጠሮው ጠማማ ሆነ። ልፈታው ስል እጁን ራሴ ላይ አደረገ።

«ተይው» አለኝ፣ «ይይዛል።»