አንበሳ ወጥቷል

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ምስር መልቀም ነው። በረንዳው ላይ ትሪውን በመካከላችን አድርገን፣ እሱ መነጽሩን ረስቶ ምስሩን ከነጠጠሩ ወደ እኔ እየገፋ "ይኸው፣ ንጹሕ ነው" ይለኛል፤ እኔም እንደገና እለቅማለሁ። በማግስቱ ከአልጋው አልተነሳም።

ሊያጽናናኝ የሚመጣ ሰው ስለ ደግነቱ ያወራል። እኔን ግን ብቻዬን ስቀር የሚመጣብኝ ጦርነቱ ከተማችን የደረሰበት ሰሞን ነው።

ባለቤቴ ስድስት ኪሎ፣ አንበሳ ግቢ፣ አንበሶቹን የሚቀልብ ሠራተኛ ነበር። ልጃችን ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። እሑድ እሑድ ይዟት ሲሄድ አንዲት ያረጀች ሴት አንበሳ ድምፅዋን ሰምታ ወደ ፍርግርጉ ትጠጋና ትተኛለች፤ ልጄም ከአጥሩ ወዲህ ተቀምጣ የሰፈሩን ወሬ ታወራላታለች። በዕድሜ ስለምትበልጣት "እትዬ" ነው የምትላት። ማታ አባቷ ጫማውን ሳያወልቅ "እትዬ በላች?" ትለዋለች።

"በልታለች። 'ሰላም በልልኝ' ብላለች።"

ተኩሱ ሲጀመር እሱ ሥራ ላይ ነበር። መንገዱ ተዘጋና ሳይመጣ አደረ። ልደታ ያለችው ቤታችን ቆርቆሮዋ በየፍንዳታው ይንቀጠቀጣል። ልጄን አልጋ ሥር አስገብቼ እኔም አጠገቧ ተኛሁ።

"እማዬ፣ ወታደሮቹ እትዬን ይገድሏታል?"

"በሩ ዝግ ነው። ካልወጣች ማን ይነካታል?"

ጠዋት ተኩሱ ጋብ አለ። ከጌጃ ሰፈር በኩል የመጣ ጎረቤታችን ከአጥሩ ውጭ "አንበሳ ወጥቷል! እናንተ፣ አንበሳ ወጥቷል!" እያለ ጮኸ። አውቶቡሱን ማለቱ ነው፤ የከተማውን አውቶቡስ ሁላችንም አንበሳ ነው የምንለው። እንግዲያው ባለቤቴ ሊመጣ ነው ብዬ ነጠላዬን ፍለጋ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ አልጋው ሥር ማንም የለም። የግቢው በር ተከፍቷል።

ወደ ልደታ ማርያም በሚወስደው መንገድ ሮጥኩ። ተኩሱ እንደገና ጀመረ። ሰው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ "ሴትዮ፣ ተኚ! መሬት ተኚ!" ይለኛል። ልጄ አስፋልቱ መሐል፣ ጠመንጃ የያዘ ወታደር ፊት እጆቿን ዘርግታ ቆማለች።

"አትተኩስባት! ሰው አትበላም!"

"ማንን?"

"እትዬን! አንበሳዋን!"

ወታደሩ ግራ ገብቶት ወደ ቆመው አውቶቡስ ዞረ። ጎማው ሥር የተኛው ሹፌር "ስለኔም ለምኚልኝ፣ የኔ እናት!" አላት። የሳቀ ሰው አልነበረም። ወታደሩ አንስቶ ደረቴ ላይ ጣላትና "አስገቢያት!" አለኝ። እንዴት አድርጌ እንደገባሁ አላውቅም። በሩን ቀረቀርኩት።

ባለቤቴ ከሰዓት በኋላ በእግሩ መጣ። የሆነውን ስነግረው ልጅቷን እቅፉ ውስጥ አስገብቶ፣ ምሳው እስኪቀዘቅዝ አላወረዳትም። ከዚያ ወዲህ፣ አድጋ እንኳ፣ ከቤት በወጣች ቁጥር ሁለታችንም ዓይናችን ከበሩ አይነቀልም ነበር።

ልጄ ዛሬ የራሷ ቤት አላት፤ ሰንጋ ተራ ትሠራለች። ማታ ቤቷ ስትገባ ትደውላለች። ስልኩን የሚያነሳው እሱ ነበር፤ "ገብታለች" ሲለኝ እተኛለሁ። አሁን ስልኩን ይዤ የምጠብቀው እኔ ነኝ።