ያልተቀበሩት የት ይገባሉ

አትጠገብ ታሪክ ለማጥናት የተመዘገበችው ወድዳ አልነበረም። ጅግጅጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ስትሠራ፣ ዲግሪ የሌላቸው ሠራተኞች ከደረጃቸው ዝቅ እንደሚሉ ተነገራቸው። የቅዳሜ ትምህርት ከሚሰጡት ኮሌጆች በአንዱ ቦታ ያገኘችው በታሪክ ክፍል ብቻ ነበር።

ያኔ ባሏ ሀብተየስ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። በ2010 ሐምሌ መጨረሻ ከተማዋ ስትታመስ፣ እናቱን እማማ ደብሪቱን ከገበያው አጠገብ ካለው ቤታቸው ሊያመጣ ወጣ። እሳቸውን ግን ጎረቤታቸው ዐቦኮር ቀድሞ እቤቱ ደብቋቸው ነበር። እናት ተረፉ፤ ልጅ አልተመለሰም። ሆስፒታሉም ፖሊስ ጣቢያውም ተፈለገ፤ ሐረርና ድሬዳዋ ድረስ ተጠየቀ። አየሁት ያለ ሰው አልተገኘም፤ አስከሬንም የለም።

እማማ ደብሪቱ ከዚያ ወዲህ ከምራታቸው ጋር ይኖራሉ። «በቶጎጫሌ ድንበሩን ተሻግሮ ይሆናል። ሀርጌሳ ሥራ ይዞ፣ መላኪያ አጥቶ ይሆናል» ይላሉ። አትጠገብ አታስተባብላቸውም። እዚያ ቤት ተዝካር የሚል ቃል አይነሳም።

አንድ ቅዳሜ መምህሩ ዐብዲሓኪም፣ ገና ወጣት ነው፣ ስለ ጥንት ሃይማኖቶች ያስተምር ነበር። ግብፆች ነፍስ እንድትኖር አካል መቆየት አለበት ብለው ያምኑ እንደነበር፣ ሬሳ የሚያደርቁትም ለዚህ እንደሆነ አስረዳ። ከዚያ ወደ መስጴጦምያ ተሻገረ።

«እነዚህ ደግሞ ያልተቀበረ ሰው መንፈሱ ዕረፍት አያገኝም ይላሉ። መንፈሱ እንዲጠጣ ውሃ የሚያፈስለት ዘመድ ከሌለው መንገድ ላይ የተጣለ ፍርፋሪ እየለቀመ ይንከራተታል።»

አትጠገብ እጇን ሳታወጣ ተናገረች። «አካሉ ያልተገኘስ?»

«ይቅርታ፣ አልሰማሁም።»

«ዘመድ አለው። ሊቀብሩት ይፈልጋሉ። አካሉ ግን አልተገኘም። እሱስ?»

ዐብዲሓኪም ታሪኳን አያውቅም። ገጹን ገለጥ ገለጥ አደረገ። «መጽሐፉ ለይቶ አይናገርም፣ ወይዘሮ አትጠገብ። እሱም ያው የሚንከራተት ይመስለኛል።»

ክርስቲያን ነኝ፣ ይሄ የጣዖት አምላኪ ወሬ ነው ብላ ራሷን ገሠጸች። ግን አልለቀቃትም። እህል ስትቀምስ ፍርፋሪው ይታያታል። ውሃ ስትቀዳ፣ ለእሱ ማን ያፈስለታል ትላለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ትምህርቱ የአሦር መንግሥት ነበር። ነገሥታቱ ያቃጠሉትን ከተማ፣ ያፈለሱትን ሕዝብ ድንጋይ ላይ እየቀረጹ ይኩራሩ ነበር። የንጉሡ ስም አለ፤ የከተማው ስም አለ። የሟቾቹን ስም የጻፈ የለም። አትጠገብ መጽሐፉን ክፍት እንደተወችው ተነሥታ ወጣች፤ ከዚያም ከትምህርቱ ቀረች።

አብራት የምትማረው ካፊያ፣ ከቶጎጫሌ ጨርቅ እያመጣች የምትነግድ ሴት ናት፣ ቤቷ ድረስ መጣች። እማማ ደብሪቱ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር።

«አባዮ፣ እህቴ፣ ለምን ቀረሽ?»

«ከተማ ይቃጠላል፣ ሌላ ንጉሥ ይመጣል፣ እንደገና ይቃጠላል። ከሦስት ሺህ ዓመት በፊትም እንዲሁ ከሆነ እኔ ምን ተስፋ አድርጌ ነው የምማረው?»

ካፊያ ከጎኗ ተቀመጠች። የእሷም ወንድም፣ ከተማዋ ከመታመሷ በፊት፣ ሰዎች ከሱቁ ወስደውት አልተመለሰም።

«እኛ ለወንድሜ በሌለበት ሰላተል ጀናዛ፣ የሙት ሶላት፣ ሰገድንለት» አለች።

«ቀለለሽ?»

«እኔን አልቀለለኝም። እናቴ ግን በር በሩን ማየት ተወች።»

አትጠገብ በሳምንቱ ቄስ አማከረች። በሌለበት ፍትሐት ሊደረግለት እንደሚችል ነገሯት። እቤት ገብታ ከአማቷ ፊት ተቀመጠች።

«እማማ፣ ለሀብተየስ ፍትሐት ላስደርግለት ነው።»

«ገደልሽው?» አሉ እማማ ደብሪቱ።

«እኔማ ይረፍ ብዬ ነው።»

«እኔን ፍለጋ ወጥቶ ነው የቀረው። እሱ ከሞተ የገደልኩት እኔ ነኝ። ይሄን ነው በቄስ አፍ የምታስነግሪብኝ?»

ከፍትሐቱ በፊት ልብሳቸውን ጠቅልለው ባቢሌ ወደምትኖረው ልጃቸው ወደ ሶሲና ሄዱ። አትጠገብ ከካፊያና ከዐቦኮር በቀር አብሯት የቆመ ሳይኖር ባሏን አስፈታች። ካህናቱ ሲጨርሱ የሚቀልል ነገር ጠበቀች። አልመጣም።

ወደ ትምህርቷ የተመለሰችው ባዶውን ቤት ፈርታ ነው። ፈተናው ላይ ግብፆች ስለ ሞት የነበራቸው እምነት ተጠየቀ፤ መጽሐፉ እንደሚለው ጻፈች። ዐብዲሓኪም ጥሩ ውጤት ማምጣቷን ነግሮ «እንኳን ደስ ያለዎት» አላት። የምታወራለት ሰው ግን እቤት አልነበረም።

እሁድ እሁድ ስኳርና ዘይት ይዛ ባቢሌ ትሄዳለች። መጀመሪያ አካባቢ ሶሲና በር ላይ ተቀብላት «አሁን አይሆንም፣ እትዬ» እያለች ትመልሳት ነበር። አንድ እሁድ ግን አስገባቻት። እማማ ደብሪቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል። ሰላምታዋን አልመለሱም።

«አስፈታሁት ብለሻል» አሉ። «መቃብሩን አሳዪኝና ልመንሽ።»

አትጠገብ እግራቸው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እሳቸውም አላባረሯት፣ እጃቸውንም አልሰጧት። ውጭ የሚኒባሱ ረዳት «ጅግጅጋ፣ ጅግጅጋ» እያለ መጣራት ሲጀምር ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።