አባ ብሌን እና የሩቁ ምሰሶ

አባ ብሌን ፈሪ ሰው ነው። ይህን ከአሁኑ ብንናገር ይሻላል፤ በኋላ ጀግና ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ እንዳይኖር። ሠላሳ ዓመት መነጽር ቤት ተቀምጦ የሰው ዓይን ሲለካና ሌንስ ሲሞርድ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ስሙን ያወጡለት የሕንጻው ሰዎች ናቸው፤ አጉሊ መነጽሩን አንድ ዓይኑ ላይ እንደ ሰካ በር ስለሚከፍት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ቅጽል ስሙን ለብዙ ጊዜ አልሰማም፤ ሲሰማ ግን ወደደው።

አራተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ሁለት ክፍል ቤቱ፣ መስኮቱ ሥር አንድ ጠረጴዛ አለችው። እዚያ ላይ ነው የድሮ የጀርመን የጦር ሜዳ መነጽሮችን የሚጠግነው። ነገሩ የጀመረው አንድ ደንበኛ አሮጌ የጦር ሜዳ መነጽር ለጥገና ሰጥቶ ሳይመለስ በቀረ ጊዜ ነው። አባ ብሌን ፈታታው፣ ውስጡ የበቀለውን ሻጋታ ጠረገ፣ መልሶ ገጠመውና ማዶ ጣሪያ ላይ ወዳለች ርግብ አነጣጠረ። በዓይኗ ዙሪያ ያለችውን ቀጭን ቀለበት አየ። አለቀ፣ በዚያው ተያዘ። ከዚያ ወዲህ ከአሮጌ ዕቃ ተራ እየለቀመ አሥራ አንድ አደረሳቸው። አንደኛው ምሽግ ውስጥ ተደብቀው የሚያዩበት፣ ሁለት ቀንድ የመሰለ ረጅም ነገር ነው፤ ሚስቱ “ፍየሉ” ትለዋለች።

“የገዳይና የሟች መነጽር ቤቴን ሞላው! ይህ ፍየል ከዚህ ቤት የሚወጣው መቼ ነው?”

“ጦርነቱን መሰለሽ የምወደው? ብርጭቆውን እኮ ነው” ይላታል።

አሁን ወደ ጥፋቱ እንምጣ። እንዲህ ያለ መነጽር ከተፈታ በኋላ ሲገጠም፣ ሁለቱ ዓይኖቹ አንድ ቦታ ማየት አለባቸው። ካላዩ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ራስም ይፈልጣል። ለማስተካከል ጠርዙ የጠራ ሩቅ ነገር ላይ ማነጣጠርና የፊተኛውን ሌንስ ቀለበት በፀጉር ስፋት ማዞር ነው። በቀኙ በኩል ውስጡ የተቀረጹ ጥቃቅን መስመሮች ስላሉ ስንት መስመር እንደ ሳተ ቆጥሮ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ከአባ ብሌን መስኮት ለዚህ የሚሆነው ኮረብታው ላይ ያለው ቀጭን የብረት ምሰሶ ነበር። ምሰሶው የቆመበት ሕንጻ ደግሞ በሩ ላይ ጽሑፍ የለውም፤ ዙሪያውን የሽቦ አጥር አለው፤ በዚያ የሚያልፍ ሁሉ እርምጃውን ያፈጥናል። ምን እንደሆነ የሚጠይቅም የለም። አባ ብሌን ታዲያ በየማለዳው ሦስት ዓመት ሙሉ የጦር ሜዳ መነጽር ደግኖበታል! ሰው እንዲህ ይሞኛል? ሥራው ላይ ካቀረቀረ ይሞኛል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከሁሉም የሚወደውን፣ ሦስት ዓመት የለፋበትን መነጽር እያስተካከለ ሳለ እጁ ትንሽ ዝቅ አለች። ከምሰሶው በታች ያለው ጣሪያ ታየው። ጣሪያው ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ሰውዬው የጦር ሜዳ መነጽር ዓይኑ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ወደ እሱ ያያል።

አባ ብሌን መጋረጃውን ጎትቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ታላቅ ወንድሙ፣ ወንድም ጋሼ የሚለው፣ በወጣትነቱ የአንድ ድልድይ ቅስት አምሮት ፎቶ አነሳ። “ለማን ነው ያነሳኸው?” አሉት። ለራሴ ነው ቢል ማን ይመነው! ሁለት ዓመት ታስሮ ተመለሰ፤ እስከ ዛሬ ጀርባውን ለግድግዳ ሳይሰጥ አይቀመጥም፣ የጀመረውን ንግግርም አይጨርስም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ አባ ብሌን እባቡ የነደፈውን ሰው ሲያስታምም የኖረ ነው።

ሚስቱ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ የፈለገችው ደብተሩን ነው። ገለጠችና ጮክ ብላ አነበበች።

“ሰኞ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ምሰሶው። ቀኙ ሦስት መስመር ዝቅ። ማክሰኞ፣ ምሰሶው። አንድ መስመር ቀረው። ነገ ይመታል።” ቀና አለች። “ነገ ይመታል? አበስኩ ገበርኩ! አንተ ሰውዬ፣ ይህን ዳኛ ቢያነበው ምን ልትለው ነው?”

“ልኩን ይመታል ማለቴ እኮ ነው።”

“ለእኔ አትንገረኝ! እኔማ ሞኝነትህን አውቃለሁ።”

ደብተሩን ገጽ በገጽ እየቀደደች ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ አቃጠለችው። ከዚያ በኋላ መጋረጃው አልተከፈተም። ከታች መኪና በቆመ ቁጥር አባ ብሌን ትንፋሹን ይይዛል፤ ደረጃው ላይ ኮቴ ሲሰማ ማንኪያውን ያስቀምጣል። ዓርብ ዕለት ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቱ “ባለሱቁን አንድ የማናውቀው ሰው፣ መነጽር ያላቸው ሽማግሌ የትኛው ፎቅ ናቸው ብሎ ጠየቀው። አላውቅም ብሎ መለሰው” አለችው።

አባ ብሌን ብርድ ልብስ ወለሉ ላይ አነጠፈና መዶሻ አነሳ። አንድ በአንድ እየጠቀለለ ሰባበራቸው። ፍየሉ ላይ ሲደርስ ሚስቱ ፊቷን አዞረች፤ እሷም ለምዳው ኖሯል። የመጨረሻዋ፣ ከሁሉም የሚወዳት፣ ላይ ሲደርስ እጁ እምቢ አለው።

“ስጠኝ፣ እኔ ልጨርሰው” አለችው በለሆሳስ።

“አይሆንም። በእኔው እጅ ይሁን።”

መታት። ከዚያም እንደ ልጅ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ስብርባሪውን በሁለት ጆንያ አድርገው ቆሻሻ መኪናው ላይ ጫኑት።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። አባ ብሌን የእስር ቤቱን ብርድ አስቦ ሁለት ካልሲ ደራርቦ አደረገ፣ ሹራቡን ለበሰና ሚስቱን አቅፎ ተሰናበታት። ከዚያ በሩን ከፈተ።

አንድ ጎልማሳ ነው፤ ብቻውን፤ በእጁ ፌስታል ይዟል።

“ይቅርታ አባባ፣ መነጽር የሚጠግኑት እርስዎ ነዎት? እኔ እዚያ ኮረብታው ላይ ጥበቃ ነኝ። አያቴ ትተውልኝ ያለፉት መነጽር ወድቆብኝ አንዱን ሁለት አድርጎ ያሳየኛል። እርስዎን ከጣሪያው ላይ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁዎት፤ ቀለበቱን ሲያዞሩ። ይህ ሰውማ ባለሙያ ነው ብዬ መስኮትዎን ቆጥሬ መጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ነገር ይጣመማል ብዬ። ዛሬ ዕረፍቴ ስለሆነ ነው።”

መነጽሩን አወጣ። አባ ብሌን አጉሊ አላስፈለገውም፤ የግራው ቀለበት ከቦታው ሸሽቷል። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። እጁ ሊቀበል ተዘረጋ። ቀና ብሎ የሰውዬውን ፊት አየ፤ ደግ ፊት ነበር። ወንድም ጋሼንም “ና፣ ለአምስት ደቂቃ ነው” ያለው ሰው ፊቱ ደግ ነበር አሉ። እጁን ሰበሰበ።

“ተሳስተሃል ልጄ። እኔ መነጽር የሚባል ነገር አላውቅም።”

ሰውዬው በአባ ብሌን ትከሻ ላይ አሻግሮ መነጽሮቹ የነበሩበትን ባዶ መደርደሪያ አየ። “እንግዲህ ፎቁን ተሳስቼ ይሆናል። ይቅርታ አባባ” ብሎ መነጽሩን ወደ ፌስታሉ መለሰና ወረደ።

“ማን ነው?” አለች ሚስቱ ከውስጥ።

“ቤት የተሳሳተ ሰው ነው።”

በሩን ዘግቶ ጆሮውን ለጠፈበት። ሰውዬው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲያንኳኳ ሰማው። የጎረቤቷ ሳቅ ደረጃውን ሞላው፤ “መነጽር ጠጋኝ? ኧረ አባ ብሌን ናቸዋ! እንደሳቸው ያለ ባለሙያ የት ይገኛል? አራተኛ ፎቅ፣ ከላያችን!”

ኮቴው ተመልሶ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። አባ ብሌን ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረና መብራቱን አጠፋ።